አባባን «ሙሽራው» ያሉት ባልቴት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ የሻረግ፣ እምድብር።

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ባለፈው የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ለእሷ ይብስባታል» እያልሽ ለጎረቤት አድለሽ ጨረስሽው? ሳሉ ለቀቀሽ? ጾሙን እንዴት ያዝሽው? እንሰቱ፣ ላሟ፣ ጓሮው፣ ቀዬው ሁሉ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። ስለ አባባ ዓይን አታስቢ ብትዪኝም ማሰቤን አልተውኩም። የተሠራው ዓይኑ እንዴት ሆነለት? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጊለታለሽ? ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ እንዳያጎነብስ ብሎታልና ጓሮ ገብቶ ሲያጎነብስ ካገኘሽው ተቆጪልኝ። እሱ እንደሆነ ከአንቺ በቀር የሚፈራው ሰው የለም።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩን የሚያነሳው አባባ ነዋ! ካነሳ በኋላ ደግሞ ድምፁን ለቆ መሀል ቤት ያስቀምጠዋል፤ ያወራነውን ወንድሜ ሰላሁንም ልጆቹም፣ ደጅ ያለ ጎረቤትም አብሮ ይሰማል። ይህን የምጽፍልሽን ግን ከአንቺ በቀር ማንም እንዲሰማው አልፈልግም። ለዚህ ነው ሹፌሩን ሰሚርን «በእጇ፣ ለብቻዋ» ብዬ አስምዬ የሰጠሁት። መነጽርሽን አድርጊና ጓሮ ገብተሽ አንብቢው። አባባ «ምንድን ነው?» ካለሽ የሰርግ ጥሪ ነው በዪው። ብዙም አልዋሸሽም።

ነገሩ የተጀመረው የካቲት ልደታ ዕለት ነው። አባባ እዚህ እኔ ጋ መጥቶ ዓይኑን ከተሠራ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ አንዱ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ሌላው ገና ስላልተሠራ ያው ጭጋግ ነው። «ልደታ ማርያምን ሳልሳለም ቤት ዘግተሽብኝ ልትገድይኝ ነው?» እያለ ስለነዘነዘኝ ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። ከቅዳሴ በኋላ በደጁ ጧፍና መቁጠሪያ በሚሸጡት መሀል ስናልፍ አንዲት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ባልቴት ፊታችን ቆሙ። አባባን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል «ሙሽራው!» አሉት።

እኔ ተሳስተው ነው ብዬ ሳቅሁ። አባባ ግን በድምፃቸው አወቃቸው መሰለኝ ክንዱ እጄ ላይ ደረቀ። «ፀሐይቱ?» አለ። ከዚያ አገላብጠው ተሳሳሙ። «አለህ?» «አለሽ?» ተባባሉ፤ ሁለቱም መኖራቸው የገረማቸው ይመስሉ ነበር። ባልቴቷ «ኮከቤስ?» ብለው ጠየቁት። አባባም «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ብሎ እኔን መንገድ እንደሚመራ ሰው ይጎትተኝ ጀመር፤ ዓይን የሌለው እሱ! በመንገዳችን ሁሉ «ኮከቤ ማናት?» እያልሁ ብጨቀጭቀው «የጠብታዬ ሰዓት ደርሷል» አለኝ። አልደረሰም ነበር።

እንግዲህ «ጎርጓሪ» እያልሽ ያሳደግሽኝ ልጅ ይህን ሰምታ ዝም የምትል ይመስልሻል? በማግስቱ አብነት ሰፈር ካለው ሥራዬ ስወጣ «እትዬ ፀሐይቱ የሚባሉ» ብዬ ጠያየቅሁ። ቤታቸው ለካ እኔ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ጀርባ ነው። ለዓመታት የሰርግ ካርድ ሳትም ማሽናችን የሚረብሻቸው እሳቸውን ነበር። ይህንንም ገና ስገባ ነገሩኝ፤ «የዚያ ማሽን ሰው ነሽ?» ብለው ገላመጡኝ። ትናንት አባባን እንጂ እኔን ልብ ብለው አላዩኝም ነበርና «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ «የዘነበና የየሻረግ» አልኋቸው። «የምን የሻረግ? እናትሽ ኮከቤ ናት» አሉ። አይደለችም ብዬ ተከራከርኳቸው እኮ! በገዛ እናቴ ስም ከሰው ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝ። የሻረግ የሚለውን ስም አያቴ ሙሽራ ሆነሽ ስትገቢ እንዳወጣችልሽ በሠላሳ አምስት ዓመቴ ቆይቶ ከአባባ ሰማሁ።

«ወላጆቼ በልጅነቴ ሞቱ፣ ያደግሁት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነው» ከማለት በቀር ስለ ራስሽ ነግረሽን አታውቂም። እኛም አልጠየቅን። እናት ስትባል ከመጀመሪያውም እናት ሆና የተፈጠረች ይመስለናል መሰለኝ። እትዬ ፀሐይቱ የነገሩኝ ግን ስለ ሌላ ሰው ነበር። «እናትሽ አራዳ ነበረች» ብለው ጀመሩ። አፍሮሽ የሰፈሩ ትልቁ አፍሮ ነበር፤ በር ላይ መጀመሪያ አፍሮው ይገባል፣ ቀጥለሽ አንቺ ትገቢያለሽ አሉኝ። ሚኒ ቀሚስ ለመልበስ ዘመዶችሽ ስለማይፈቅዱ ልብስ ሰፊው ጋ ሄደሽ ጫፉን በሰፊ ስፌት ታሳጥፊው ነበር፤ ስትወጪ አጭር፣ ስትገቢ ረጅም። እማዬ፣ ጉልበትሽን! እኔ ሱሪ ለብሼ ለመስቀል ስመጣ «ሰው ምን ይላል» ብለሽ ገና ከመኪና ሳልወርድ ነጠላ ያስታጠቅሽኝ አንቺ ነሽ? ፀጉሬን ሳልተኮስ ለቅቄው አይተሽ «ምን ነክቶሽ ነው፣ ታመሽ ነበር?» ያልሽኝስ? አሁን አፍሮ ተመልሶ መጥቷል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ቆመሽ ብታዪ የድሮ ጓደኞችሽ በሙሉ የተነሱ ይመስልሽ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እነ እትዬ ፀሐይቱ ቤት የሸክላ ማጫወቻ ተከፍቶ ይጨፈራል። በዚያው ሳሎን፣ በሌላ ቀን፣ ሸክላው ጮክ ተደርጎ ይከፈትና ከሥሩ መጽሐፍ ይጠናል፤ ሙዚቃው የሚከፈተው ጎረቤት ውይይቱን እንዳይሰማ ነው። ጥናቱን የሚመራው የእትዬ ፀሐይቱ ታላቅ ወንድም ተስፋሚካኤል ነበር አሉኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከታች መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ የሚለብስ። ወንዶቹ ስለ እኩልነት እያነበቡ ሴቶቹን ሻይ አፍሉ ይሏችሁ ነበር። አንድ ቀን አንቺ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቀሽ «ይቺን ምዕራፍ እኔ ላንብብ፣ አንተ ሻዩን አፍላ» አልሽው። ተስፋሚካኤል በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሮ አመጣው፣ ሁላችሁም ለመርሕ ስትሉ ጠጣችሁት። እትዬ ፀሐይቱ ይህን ሲነግሩኝ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አንቺ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

«መሬት ላራሹ» ተብሎ ሲወጣ አንቺ ከፊት ነበርሽ። ድምፅሽ ተዘግቶ ለብዙ ቀን በእጅሽ ምልክት ታወሪ ነበር አሉ። ቆይቶ ተማሪው ሁሉ ለዘመቻ ወደ ገጠር ሲላክ አንቺም ሄደሽ ገበሬ ፊደል አስቆጠርሽ። የመንደራችን ሴቶች ስማቸውን መጻፍ ከአንቺ ሲማሩ እያየሁ አድጌ አንድም ቀን «አንቺስ የት ተማርሽ?» ሳልል መቅረቴ በጣም ይገርመኛል። ጎርጓሪነቴ ለሰው ጉዳይ ብቻ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ብጠይቅሽስ? አትፈሩም ነበር? እኔ ባለሁበት ዘመንም አሥር ዓመት ሙሉ አገሩ ሲናወጥ አይቻለሁ። ግን ያየሁት ከማሽን ኋላ ቆሜ ነው። ማተሚያ ቤታችን የአንዱንም የሌላውንም መፈክር ቲሸርት ላይ ያትማል፤ ሰልፉ ካለፈ በኋላ የተረፈውን ቲሸርት ማሽን መወልወያ እናደርገዋለን። በስልክ ሲሰዳደቡ የሚውሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ከአንድ ትሪ ይበላሉ። እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። ከሰልፍ ፊት የቆመችው ልጅ እኔን ወልዳ እንዴት እኔ እንዲህ ሆንኩ? ወይስ እንዲህ እንድሆን ብለሽ ነው ምንም ያልነገርሽኝ? ይህ ጥያቄ ካነሳሁት ሁሉ ይበልጥ እያብሰለሰለኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እትዬ ፀሐይቱ ባጭሩ ነው የነገሩኝ። አንድ ላይ የጨፈረው ልጅ ለሁለት ለሦስት ተከፈለ፤ አንዱ ሌላውን መጠቆም ጀመረ፤ ቤት ለቤት አሰሳ መጣ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ ስለሚያዩት ነገር ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፈቱና እጃቸውን አወናጭፈው አለፉት። እኔም አልጎረጎርኩም። ተስፋሚካኤል ከቤት ጠፍቶ ተደበቀ። አንቺን ደግሞ በመስከረም ሰባ ዓ.ም. ስምሽ ከሚፈለጉት መሀል መግባቱን አንድ የሰፈር ልጅ ለእነ እትዬ ፀሐይቱ ሹክ አለ። ከከተማ መውጣት ነበረብሽ፤ መውጫው ሁሉ ግን ፍተሻ ነው።

ያኔ እትዬ ፀሐይቱ ከቤታቸው ፊት ለፊት ሳሙናና ክብሪት የሚቸረችረውን ዘነበን አሰቡት። አባባ ፖለቲካ ውስጥ የለበትም። ሰልፍ ሲመጣ የሱቁን መስኮት ይዘጋል፣ ሲያልፍ ይከፍትና ለጠማው ውሃ ይሰጣል፤ ተሳትፎው ይኸው ነው። ለመስቀል ግን እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ ቤቱ ሊገባ ተሰናድቶ ነበር። በመስቀል ሰሞን ጉራጌ ዕቃውን ተሸክሞ አገሩ ሲገባ ማንም አይገርመውም፤ ሙሽራ ይዞ ቢገባማ ጭራሽ እልል ይባልለታል። ቀጥ ብለው ሄደው «ኮከቤን ሙሽራህ አድርገህ አውጣልን» አሉት። ለረጅም ጊዜ ሳሙናውን ሲደረድር ቆየና «እናቴ በየመስቀሉ ባዶ እጅህን መጣህ እያለች ትቆጣኛለች» አለ። እሺ ማለቱ ነበር።

በዚያ አፍሮ ሙሽራ መሆን ስለማይቻል እትዬ ፀሐይቱ ከቀትር ጀምረው ሹሩባ ሲሠሩሽ ዋሉ። ፀጉርሽ አልታጠፍ ብሎ አስቸግሯቸው በቅቤ ነው ያስተኙት። ሲጨርሱ መስታወት አይተሽ «አክስቴን መሰልኩ» ብለሽ አኮረፍሽ። በማግስቱ አውቶቡሱ ጋ ሦስት ሴቶች ሸኙሽ፤ እልል አሉ፣ የሙሽራ ዘፈን ዘፈኑ፣ እትዬ ፀሐይቱም ሚዜ ሆነው ሻንጣሽን አቀበሉ። ሻንጣው ውስጥ የነበረው ብርድ ልብስና ጋዜጣ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተያያችሁም።

ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ እትዬ ፀሐይቱ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። ከአራት ወር በኋላ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ተስፋሚካኤል ወደ ሱዳን ሊሻገር ወልቂጤ ድረስ መጥቶ አንድ መካኒክ ቤት ተደብቆ ነበር። ለገበያ የወረደውን አባባን አግኝቶ «ለኮከቤ ንገራት፤ እስከ ቅዳሜ እጠብቃታለሁ፣ አብረን እንሄዳለን» አለው። ቅዳሜ አለፈ፣ አንቺ አልመጣሽም፤ እሱም ሄደ። ሱዳን ይግባ፣ መንገድ ላይ ይቅር፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መካኒኩ መጥቶ ይህን ከነገራቸው ወዲህ እትዬ ፀሐይቱ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ አባባ መልእክቱን ነግሮሻል ወይስ ቀብሮታል? «እሷን ልቀየም ወይስ እሱን አላውቅም፤ ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ተራ በተራ እቀየማቸዋለሁ» አሉኝ። «ኮከቤና ተስፋሚካኤል ይዋደዱ ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንጃ፤ ያኔ ፍቅር ማውራት ያሳፍር ነበር። ጓድ ይባባሉ ነበር» አሉ። ቤታቸው ለልማት ስለሚፈርስ ከፋሲካ በኋላ ወደ ከተማው ዳር ይሄዳሉ፤ ሳይርቁ ማወቅ ፈልገዋል።

እማዬ፣ ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ጉጉቴ ሁሉ ወደ ፍርሃት ተለወጠብኝ። አባባ መልእክቱን ደብቆሽ ቢሆንስ? እኛ ሁላችን፣ ሰላሁንም እኔም፣ በአንዲት በተደበቀች ቃል የተነሳ የተወለድን ብንሆንስ? አባባን አየሁት፤ ዓይኑን ታስሮ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። ሬዲዮውን ዘጋሁትና «እትዬ ፀሐይቱ ቤት ነበርኩ» አልሁት። ዓይኑ መታሰሩ ሳይረዳው አልቀረም፤ ፊቴን ቢያይ ኖሮ የሚነግረኝ አይመስለኝም።

ከኬላው ጀመረልኝ። ፈታሹ ወታደር አንቺን አይቶ «ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ሲለው «ሙሽራ አይደለችም እንዴ! ካላለቀሰች ምኑን ሙሽራ ሆነች?» ብሎ መለሰለት። ወታደሩም ሳቀና «መልካም ጋብቻ» ብሎ አሳለፋችሁ። «እውነቷን ነበር የምታለቅሰው፤ እኔ ግን ራሴ ስለፈራሁ አላባበልኳትም» አለኝ አባባ።

ሐሳቡ አገር ቤት ስትደርሱ ለአያቴ እውነቱን ነግሮ «የተቸገረች እንግዳ ናት» ሊል ነበር። ያላሰበው ነገር ቢኖር በዚያው አውቶቡስ ለመስቀል የሚገቡ የመንደሩ ልጆች መኖራቸውን ነው። እልልታውን ሰምተዋል፣ ዘፈኑን ሰምተዋል። ከመኪናው መንገድ ስትወርዱ ልጆቹ ሮጠው ቀደሟችሁ። እናንተ ስትደርሱ አገሩ በሙሉ ወጥቶ ይጨፍራል፤ አያቴ ለመስቀል ያስቀመጠችውን ቅቤ አውጥታ ሹሩባሽ ላይ ጨመረች፤ ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ቆሙ። አባባ ሊናገር አፉን ሲከፍት ምርቃቱ ተጀመረ። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በእኛ ቤት ምርቃት መሀል ከአሜን በቀር ሌላ ቃል አይገባም። «አሜን አልኩ። እሷም አሜን አለች። አሜን ካልኩ በኋላ ውሸት ነው ብል ምርቃቱን መሬት መጣል ሆነብኝ፤ ነገ እላለሁ አልሁ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ መጣ» አለኝ። እማዬ፣ ይቅር በዪኝና እዚህ ላይ በጣም ሳቅሁ። ወታደሩን ያታለለ ሰው በገዛ ሽማግሌዎቹ ተሸነፈ! ሥራዬ ሰው ለሰርጉ የሚጠራበትን ካርድ ማተም ነው፤ የወላጆቼን ሰርግ ግን ሙሽራው ራሱ ሊያስቆመው እየሞከረ የተደረገ መሆኑን ማን ያስብ ነበር?

ከዚያ ወዲያ ለወራት አንቺ ከአያቴ ጋር፣ እሱ ከከብቶቹ ወዲያ ይተኛ እንደነበር ነገረኝ። አያቴ የአዲስ አበባ ልጅ ጨዋነት ነው ብላ ለጎረቤት ታወራልሽ ነበር። አንቺ እንሰት ስትፍቂ እጅሽ ቆስሎ አንድም ቀን አልተነጫነጭሽም። «ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም ነበር። ሳሙና ስንት እንደሚሸጥ ትጠይቀኝ ነበር» አለኝ። ይህን ሲል ፈገግ አለ።

እንግዲህ የመልእክቱ ነገር እንዲህ ሆነ ብሎኛል። ወልቂጤ ተስፋሚካኤልን ካገኘ በኋላ እስከ ቤት በእግሩ ሲመጣ መንገዱን ሁሉ «ባልነግራትስ?» እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት መጣ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፤ አልሸሸገም። ግን ነገረሽ፤ «መሄድ ከፈለግሽ ቅዳሜ ማለዳ በቅሎዋ ተጭና በር ላይ ትጠብቅሻለች» አለሽ። እንሰቱ መሀል ቆመሽ ነበር። ሰማሽው፣ ምንም አላልሽም፣ ሥራሽን ቀጠልሽ። ቅዳሜ ማለዳ ወልቂጤ የሚወርዱ ነጋዴዎች በበራችን እንደሚያልፉ ያውቃልና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በቅሎዋን ጫናት፤ ስንቅም ኮርቻው ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ አስሯት ሄደ። «ቆሜ ካየኋት ይጨንቃታል፤ እሺም እምቢም ማለት ያቅታታል» ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ዋለ። ሲመሽ ሲመለስ በቅሎዋ ያለ ኮርቻ ሳር ትግጣለች። አንቺ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠሻል፤ አያቴም ከጎንሽ አለች። «ውሎህ እንዴት ነበር?» አልሽው። «ደህና» አለሽ። በዚሁ አለቀ።

እኔም ደስ ብሎኝ «ታዲያ መረጠችህ ማለት አይደለም እንዴ!» ብዬ እጁን ያዝሁት። አባባ ግን ራሱን ነቀነቀ። አያቴ ከሁሉ ቀድማ የምትነሳ፣ ያልገባትን ነገር ደጅ ላይ የማታሳድር ሴት ነበረች። «በቅሎዋን ተጭና ብታገኛት ማን ሊሄድ ነው ሳትል ኮርቻዋን ታወርዳለች። ልጅቷ ተነስታ ደጅ ስትወጣ ባዶ በቅሎ አይታ ቢሆንስ? ሐሳቤን የቀየርኩ መስሏት ቢሆንስ? አገሩን አታውቅ፣ መንገዱን አታውቅ፤ እንዴት ብላ ትሄዳለች?» አለኝ። አያቴን አልጠየቃትም፤ አርፋለች። አንቺንም አልጠየቀሽም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰላሁን ተወለደ፤ ከዚያ መጠየቁ ነውር ሆነበት። «እናትሽ ከእኔ ጋር የኖረችው ወዳ ይሁን መሄጃ አጥታ፣ ሳላውቅ ሸመገልኩ» አለ። ቀጥሎም ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስጠነቀቀኝ። ይኸው እየነገርኩሽ ነው። በጨርቁ ሥር ዓይኑ እንዳያለቅስ ፈርቼ ሬዲዮውን መልሼ ከፈትሁለት።

ለእትዬ ፀሐይቱ «ነግሯታል» ብዬ አደረስሁላቸው። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩና «እንግዲያው ዘነበን በከንቱ ነው የተቀየምኩት» አሉ። ስለ አንቺ ደግሞ «ኮከቤ ያለ ምክንያት የምታደርገው ነገር አልነበረም፤ ምክንያቷን ለራሷ ትያዘው» አሉ። የበቅሎዋን ነገር አልነገርኳቸውም። እሱ የእናንተ ነው።

እማዬ፣ ስጀምር ልጠይቅሽ ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ስለ አፍሮሽ፣ ስለ ጨው ሻዩ፣ ስለ ተስፋሚካኤል፣ ዛሬም ኮከቤ ብለው ቢጠሩሽ ዞር ትዪ እንደሆነ። ሁሉንም ትቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ደስ ሲልሽ ታወሪኛለሽ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ያን ቅዳሜ ኮርቻውን ያወረደው ማን ነው? አንቺ ነሽ ወይስ አያቴ?

ይህን ለማወቅ እንደምሞት ታውቂኛለሽ። ግን መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ፣ በስልክም አትንገሪኝ። ለእሱ ንገሪው። አባባ የሁለተኛውን ዓይን ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ይዟል፤ ከዚያ በፊት፣ ሰው በሌለበት፣ ጠብታውን ስታደርጊለት ንገሪው። አያቴም ከሆነች አያቴ ናት በዪው፤ እውነቱን ይችለዋል፤ ያልቻለው አለማወቁን ነው። እሱ ለአንቺ መንገዱን ከፍቶልሽ ሲያበቃ ይህን ሁሉ ዘመን ደጅ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ብለሽ አስገቢው።

ለሰላሁንና ለባለቤቱ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ከምን ደረሰ በዪልኝ። ለትንሿ ኢያኤል ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የጠየቀችኝን ቀለም እርሳስ ሰሚር ይዞላታል። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ። እትዬ ፀሐይቱ ደግሞ «ለኮከቤ» ብለው ሰላምታ ልከዋል፤ አዲሱ ቤታቸው ማሽን የሚባል የማይሰማበት ነውና እንድትመጪላቸው ይፈልጋሉ። ለአባባ ብቻ ከእኔ ሰላምታ አትንገሪው። ምንም አልጻፍኩልሽም፣ ምንም አላነበብሽም። እሱ ከእኔ የሚሰማው አብቅቷል፤ የሚጠብቀው ከአንቺ ነው።

ልጅሽ ትርሲት ዘነበ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.